ከነሰርቪሱ የሚሸጥ ቤት፦ የተጨመረውን ክፍል ሳትመረምሩ ቀብድ አትስጡ

ደብረ ማርቆስ፣ ባሕር ዳር፣ ፍኖተ ሰላም ወይም ሞጣ ቤት ለመግዛት ስትዞሩ ደላላው ቀድሞ የሚነግራችሁ የክፍሉን ብዛት ነው። «ዋናው ሦስት ክፍል፣ ከኋላ አራት ሰርቪስ፣ ሁሉም ተከራይቷል» ይላችኋል። ዋጋውም የሚጠራው በዚያው ሂሳብ ነው። ሰባት ክፍል ተብሎ ይገዛል፣ ሰባት ክፍል ተብሎ ይከፈላል።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ዋናው ቤትና ኋላ የተጨመረው ክፍል አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ዘመንም የአንድ እጅም ሥራ አይደሉም። ዋናው ሲሠራ ባለቤቱ ገንዘብ አጠራቅሞ፣ ፕላን አስነድፎ፣ ማዘጋጃ ቤት ተመላልሶ ነው። ቅጥያው ግን ልጅ ሲያገባ፣ ዘመድ ከገጠር ለትምህርት ሲመጣ፣ ወይም ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ኪራይ ሲወደድ፣ በተረፈ ብሎኬትና በተገኘ ግንበኛ በአንድ በጋ የቆመ ነው። በደንብ የተሠራ ሰርቪስ የለም ማለቴ አይደለም። ብዙ አለ። ግን ከውጭ ሲታይ ጥሩውም መጥፎውም አንድ ዓይነት ቀለም ተቀብቶ ነው የሚጠብቃችሁ።

ስለዚህ ዋናውን ቤትና ቅጥያውን እንደ ሁለት የተለያዩ ንብረቶች እዩአቸው። ቅጥያው ደህና መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ ዋጋ ላይ አትደምሩት። እንዲያውም ከዋጋ የሚያስቀንስ አድርጋችሁ ቁጠሩት። መጥፎ ቅጥያ ብቻውን አይበላሽም፤ ዋናውን ቤትም ይዞ ነው የሚበላሸው።

አፈሩን እወቁ

የጎጃም መሬት አንድ ዓይነት አይደለም። ቀይ አፈር ያለበት ሰፈር አለ፤ ጭንጫ ላይ የተቀመጠም አለ። በተለይ በምሥራቅ ጎጃም ሜዳማ አገር፣ በደጀን፣ በሉማሜ፣ በብቸና በኩል ግን ጥቁር መረሬ አፈር ሰፊ ቦታ ይዟል። ገበሬው ጠባዩን አሳምሮ ያውቀዋል። ክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል። በጋ ሲደርቅ ይኮማተርና እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ለጤፍ ይመቻል፣ ለቤት ግን አይመችም።

መረሬ ላይ የተቀመጠ መሠረት በየዓመቱ ወደ ላይ ይገፋል፣ በጋ ላይ ደግሞ ይለቀቃል። ቤቱ በሙሉ እኩል ተነስቶ እኩል ቢወርድ ብዙም አይጎዳም ነበር። ግድግዳ የሚሰነጠቀው አንዱ ጥግ ሲነሳ ሌላው ሲቀር ነው። ጠንቃቃ ግንበኛ ለዚህ መላ አለው። መረሬውን ቆፍሮ ያወጣል፣ የማይንቀሳቀስ አፈር እስኪያገኝ ይወርዳል። ጥልቀቱ ካስቸገረው የቆፈረውን በገረጋንቲ፣ ማለትም ጠጠር በተቀላቀለበት የማያብጥ አፈር፣ እየጠቀጠቀ ይሞላዋል። ይህ ብዙ ገንዘብ ይበላል። ሥራው ከመሬት በታች ስለሚቀር ደግሞ ለዓይን የሚታይ ነገር የለውም። ቅጥያ ሲሠራ መጀመሪያ የሚቀነሰው ይኸው የማይታየው ወጪ ነው። «አንዲት ክፍል ናት፣ ምን ትከብዳለች» ይባልና ግማሽ ሜትር እንኳ ሳይቆፈር ድንጋይ ይደረደራል።

ሌላም ምክንያት አለ። አሥራ አምስት ዓመት የቆየ ቤት መሬቱን ተጭኖ የሚሰምጠውን ያህል ሰምጧል። አጠገቡ የተሠራው አዲስ ክፍል ግን መስመጥ የሚጀምረው ገና ነው። ሁለቱን አጣብቃችሁ ካሰራችኋቸው አንዱ ቆሞ ሌላው ይወርዳል፤ መጋጠሚያው ይቀደዳል። መፍትሔው ለባለሙያ አዲስ አይደለም። አዲሱ ክፍል የራሱ መሠረትና የራሱ አራት ግድግዳ ይኑረው። በሁለቱ መካከል ሁለት ጣት ያህል ክፍተት ይተው። ክፍተቱ ሲንቀሳቀስ በማይሰበር፣ ውሃም በማያስገባ ነገር ይሸፈን።

በከተሞቻችን የሚሠራው ግን ሌላ ነው። ሦስት ግድግዳ ይገነባል፤ አራተኛው የዋናው ቤት ግድግዳ ይሆናል። ብሎኬት ይቆጥባል። አዲሱ ግድግዳ አሮጌው ውስጥ ተሰንቅሮ፣ ጣሪያው አሮጌው ግድግዳ ላይ አርፎ ይቆማል። ሰርቪስ ስታዩ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ ይህ ይሁን፦ አራተኛው ግድግዳ የማን ነው?

ግቢው ውስጥ ወይም ከአጥሩ ማዶ ባሕር ዛፍ ካለም ልብ በሉ። ትልቅ ባሕር ዛፍ ከአፈሩ ብዙ ውሃ ይስባል። በጋ ላይ በሱ በኩል ያለው መረሬ ከሌላው አብልጦ ይኮማተራል። ቅጥያው የተሠራው በዛፉ በኩል ከሆነ መጀመሪያ የሚወርደው ጥግ የት እንደሆነ አሁኑኑ መገመት ትችላላችሁ።

ስንጥቅ አነባበብ

ሻጭ ስንጥቅ ሲታይበት የሚመልሰው አንድ ነው፦ «ልስን ነው፣ ምንም አይደል»። አንዳንዴ እውነት ነው። ልስን ቶሎ ሲደርቅ መረብ የመሰሉ ቀጫጭን ስንጥቆች ያወጣል። እነሱ መልክ ያበላሻሉ እንጂ ቤት አይጥሉም። ሌላውን ዓይነት ግን መለየት አለባችሁ።

አዲሱ ክፍል ከዋናው ቤት ጋር የሚገናኝበት ጥግ ላይ ቁሙ። ስንጥቁን ከሥሩ ጀምራችሁ ወደ ላይ ተከተሉት። ከታች ፀጉር የምታህለው መስመር ኮርኒሱ ሥር ስትደርስ ጣት የምታስገባ ከሆነች፣ ክፍሉ ከዋናው ቤት ወደ ውጭ እያዘነበለ ነው ማለት ነው። ከላይ እስከ ታች እኩል ከሆነች ሁለቱ ግድግዳዎች አልተያያዙም፤ ይህ ከመጀመሪያው ይቀላል። ከመስኮት ወይም ከበር ጥግ ተነስታ የብሎኬቱን መጋጠሚያ እየተከተለች ደረጃ ደረጃ እየሠራች የምትወርድ ስንጥቅ ደግሞ አንዱ የመሠረቱ ወገን እየሰመጠ እንደሆነ ትናገራለች። ቀጥሎ ውጡና በውጭ በኩል እዩ። ያው ስንጥቅ በዚያም ካለ የልስን ነገር አይደለም፤ ግድግዳው ራሱ ተሰንጥቋል። ወለሉን አቋርጣ ካለፈችም እንደዚያው ነው።

አንድ ግድግዳ ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ ለምን እንደሆነ ጠይቁ። ቁም ሣጥን ግድግዳ ተጠግቶ ከቆመ በትህትና አስነሱት። በሮቹን ሁሉ ክፈቱና ዝጉ። ድሮ በቀላሉ ይዘጋ የነበረ በር ዛሬ ታችኛው ጥጉ ወለል የሚፍቅ ከሆነ መቃኑ ከቀጥታው ወጥቷል። በቁልፍ ጫፍ ልስኑን ጫር ጫር አድርጉት። አሸዋው ያለ ምንም ትግል ከረገፈ ሲሚንቶው ያነሰ ነው፤ የሚታየው ልስን እንዲህ ከሆነ ከውስጡ ያለውን ግንብ አስቡት።

ወቅቱም ነገር አለው። መረሬ ላይ ያለ ቤት ስንጥቁ የሚሰፋው በጋው መጨረሻ፣ በሚያዝያና በግንቦት ነው። ነሐሴ ላይ አፈሩ አብጦ ይገጥመዋል፤ በላዩ ቀለም ከተቀባ ጨርሶ ላይታይ ይችላል። የጣሪያና የእርጥበት ችግር ደግሞ የሚታየው በተቃራኒው ክረምት ላይ ነው። ስለዚህ ቤቱን ያያችሁት በክረምት ከሆነ ስንጥቁን ከጎረቤትና ከተከራይ ጠይቁ። በበጋ ከሆነ ውሃውን ጠይቁ። ተከራይ ብዙ ያውቃል። «እህቴ፣ ክረምት ላይ አልጋሽን ታዞሪያለሽ?» ብላችሁ ብትጠይቋት፣ ከየትኛው ጥግ እንደሚያፈስ በጣቷ ታሳያችኋለች።

ሌላ በቀላሉ የሚታለፍ ነገር አለ። ቅጥያ ሲሠራ ብዙ ጊዜ የዋናው ቤት ግድግዳ ተሰብሮ በር ይወጣል፣ ወይም ሳሎን ለማስፋት ግድግዳው እንዳለ ይነሳል። ኮለንና ቢም (የአርማታ ምሰሶና አግዳሚ) ያለው ቤት ከሆነ ሸክሙን የሚይዙት እነሱ ናቸው፤ በጥንቃቄ ከተሠራ አይጎዳም። ብዙ የቆየ ቤት ግን ኮለን የለውም። ጣሪያውን የተሸከመው ግድግዳው ራሱ ነው። እንዲህ ያለ ግድግዳ በላዩ የአርማታ ሊንተል፣ ማለትም ከክፍተቱ በላይ ያለውን የሚሸከም አግዳሚ፣ ሳይደረግ ከተሸነቆረ ከክፍተቱ በላይ ያለው ብሎኬት ቀስ እያለ ይወርዳል። ሰፊ ክፍተት ባያችሁ ቁጥር ቀና በሉና ከላዩ ምን እንዳለ ፈልጉ።

ውሃ

መሬቱን የሚያንቀሳቅሰው ውሃ ነው። ብሎኬቱን የሚያሻግተው፣ ጭቃውን የሚያፈርሰውም እሱ ነው። ደብረ ማርቆስ በዓመት 1,300 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርድ ነው። 40 ካሬ ሜትር ስፋት ባለው ጣሪያ ላይ ይህን ያህል ሲዘንብ 52,000 ሊትር ይሆናል። ባለ 200 ሊትር በርሜል ብትሞሉበት 260 በርሜል ነው። ጥያቄው ይህ ሁሉ ውሃ የት ነው የሚወርደው ነው።

ቅጥያ ያለው ግቢ ውስጥ መልሱ ብዙ ጊዜ አያስደስትም። የዋናው ቤት ጣሪያ ውሃውን ወደ ቅጥያው ጣሪያ ይጥላል። ቅጥያው አሸንዳ የለውም፤ ቢኖረውም ጫፉ ግድግዳው ሥር ይቀራል። 260 በርሜሉ ጥልቀት በሌለው መሠረት ጥግ ላይ በየዓመቱ ይፈስሳል። መረሬ ከሆነ ያ ጥግ ከሌላው ቀድሞ ያብጣል። መረሬ ባይሆን እንኳ አፈሩን ያጥበዋል።

ጣሪያው ራሱም አለ። ዋናው ቤት ሲሠራ ዘቅዛቃነቱ ታስቦ ነው። ቅጥያው ከዚያው ጣሪያ ሥር ተጀምሮ ሲቀጠል ከፍታ ይጠበዋል። ሰው ቀና ብሎ እንዲገባ ሲባል ጣሪያው ሊተኛ ምንም አይቀረው። የተኛ ቆርቆሮ ላይ ውሃ ቶሎ አይወርድም፤ በድርቡና በምስማሩ ቀዳዳ ይገባል። በረዶ ሲጥል ደግሞ መጋጠሚያው ላይ ተከምሮ ውሃውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ኮርኒሱን ተመልከቱ። ሻይ የፈሰሰበት የሚመስል ቡናማ ክብ ካለ፣ ክቡ ከዋናው ቤት ግድግዳ ምን ያህል እንደሚርቅ እዩ። ጥግ ላይ ከሆነ የሚያፈሰው መጋጠሚያው ነው፤ ጥገናውም አንድ ምስማር ከመድፈን ያለፈ ነው። የቆርቆሮውን ውፍረትም ጠይቁ። የጌጁ ቁጥር ከፍ ባለ መጠን ቆርቆሮው ይሳሳል፤ 35 ጌጅ ከ28 ጌጅ በጣም ይቀጥናል።

ግድግዳው ሥር ነጭ ዱቄት መሰል ነገር ካያችሁ፣ ወይም ቀለሙ ከወለል ጀምሮ እስከ ጉልበት ድረስ ከተላጠ፣ እርጥበት ከመሬት እየወጣ ነው። ባሕር ዳር ላይ ለጣናና ለዓባይ የቀረቡ ሜዳማ ሰፈሮች ውሃው ቅርብ ስለሆነ ይህ በብዛት ያጋጥማል። የቅጥያው ወለል ከግቢው ወለል ዝቅ ካለ ደግሞ ክረምቱን ምን እንደሚሆን መናገር አያስፈልግም።

ከወለሉ በታች ምን አለ?

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ይህ ነው። ግቢ ጠባብ ነው። ድሮ ሽንት ቤት የነበረበት ጓሮ ዛሬ ሰርቪስ ቆሞበታል። የድሮው ጉድጓድ በደንብ ሳይሞላ፣ አንዳንዴም በእንጨትና በአፈር ብቻ ተሸፍኖ፣ በላዩ ሊሾ ይለሰናል። እንጨቱ ይበሰብሳል። አንድ ቀን ወለሉ ይከዳል። ሰው ተኝቶበት እያለ ማለት ነው።

ይህን የሚነግራችሁ ሰነድ የለም። የሚያውቁት ሰፈሩ ውስጥ ያረጁ ሰዎች ናቸው። ጎረቤት ያሉ እናትን ሰላም ብላችሁ፣ ቡና ከተፈላም ተቀምጣችሁ፣ «እማማ፣ ድሮ እዚህ ግቢ ሽንት ቤቱ በየት በኩል ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ሻጩንም ለብቻው ጠይቁት። ሁለቱ መልሶች ካልገጠሙ ወለሉን በዘነዘና ወይም በወፍራም ዱላ እየመታችሁ አዳምጡ። ባዶ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ባለሙያ ሳያየው አትቀጥሉ። አሁን የሚሠራው ጉድጓድ የት እንዳለ፣ ክዳኑ በየት እንደሚከፈት፣ መምጠጫ መኪና መድረስ መቻሉንም እዩ። ክዳኑ የተከራይ አልጋ ሥር ሆኖ የተገኘበት ቤት ብርቅ አይደለም።

በዕድሜ የገፋ የጭቃ ቤት ላይ በብሎኬት የተቀጠለም አለ። ጭቃ ቤት በደንብ ከተያዘ ዘመን ይሻገራል፤ አትናቁት። ግን ቋሚዎቹ ባሕር ዛፍ ናቸው፤ ምስጥ ይበላቸዋል። ብሎኬቱ ሲጨመር ግቢው በሲሚንቶ ስለሚለሰን ውሃው ወደ ጭቃው ግድግዳ ይሄዳል። የቋሚዎቹን ሥር በቢላ ጫፍ ወጋ አድርጋችሁ እዩ። ቢላው ከገባ የሚጠገነው ቅጥያው ሳይሆን ዋናው ነው።

ሌላው ጭንቀት አየር ነው። ቅጥያው የዋናውን ቤት መስኮት ዘግቶ ከሆነ መካከለኛው ክፍል ቀኑን ሙሉ መብራት ይፈልጋል። ሰርቪሱ መስኮት ከሌለው፣ ተከራዩም ውስጥ ከሰል የሚያቀጣጥል ከሆነ፣ ከከሰሉ የሚወጣው መርዛማ ጋዝ ሽታ ሳይኖረው ሰው ይገድላል። የሚከፈት መስኮት የሌለውን ክፍል ለማደሪያ አትቁጠሩት። መብራቱም ብዙ ጊዜ ከዋናው ቤት በአንድ ቀጭን ሽቦ የተቀጠለ ነው፤ ሁሉም ተከራይ ምጣድ ሲሰካ ሽቦው ይሞቃል። ይህን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ቶሎ ያስተካክለዋል።

ፎቅ ልጨምርበት ብላችሁ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ፣ ጣሪያ ላይ ወጥቶ የቀረ ፌሮ አያሳምናችሁ። ፌሮው የሚያሳየው የባለቤቱን ምኞት ነው። ሸክሙን የሚይዘው መሠረቱ ነው፤ መሠረቱ ምን ያህል እንዲሸከም እንደታሰበ የሚናገረው ደግሞ የስትራክቸር ፕላኑ (የመሠረቱና የምሰሶው ንድፍ) ነው።

ወረቀቱ

በሀገራችን መሬት አይሸጥም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። የምትገዙት መሬቱ ላይ ያረፈውን ቤትና የመጠቀም መብቱን ነው። ስለዚህ ቤቱ በሕግ የታወቀ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው። ሰባት ክፍል ከፍላችሁ ማዘጋጃ ቤት የሚያውቀው ሦስቱን ብቻ ከሆነ፣ ስም የሚዛወርላችሁ ሦስቱ ነው።

ካርታውንና የቤቱን ፕላን ይዛችሁ ግቢ ውስጥ ቁሙ። ፕላኑ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ግድግዳ በእጃችሁ ዳስሱ። ፕላኑ ላይ የሌለ ግን ዓይናችሁ ፊት የቆመ ክፍል ካለ «የግንባታ ፈቃዱን ያሳዩኝ» በሉ። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ከወጣ ጀምሮ አዲስ ቤት ብቻ ሳይሆን ነባር ቤት ላይ መጨመርና መለወጥም ፈቃድ ይጠይቃል። ያለ ፈቃድ የተሠራ ሊፈርስ ይችላል። ሲፈርስ የሚጠየቀው ደግሞ በወቅቱ ባለቤት ሆኖ የተገኘው ሰው ነው፤ ግንበኛውም ሻጩም አይደለም። መንገድ ሲሰፋ ካሳ የሚታሰበው በሕጋዊ ይዞታ ላይ በሕግ ለሠፈረ ንብረት ስለሆነ ፈቃድ የሌለው ሰርቪስ ያኔም ያስቆጫል። የባንክ ገማችም በሰነድ የሌለውን ክፍል ለብድር መያዣ ብሎ አይቆጥርላችሁም።

ወሰኑን በሜትር ለኩ። ካርታው ላይ ያለው ካሬና በአጥር የታጠረው ካሬ አንድ መሆን አለበት። ሰርቪስ የሚሠራው ግቢ ዳር ላይ ነው፤ ስለዚህ ወደ ጎረቤት፣ ወደ መንገድ ወይም ወደ ጎርፍ ማስወገጃ ቦይ የሚገፋው እሱ ነው። የጣሪያው ውሃ ጎረቤት ግቢ የሚወርድ ከሆነ፣ መስኮቱም ወደ ጎረቤት የሚያይ ከሆነ ቤቱን ስትገዙ ክርክሩንም አብራችሁ ገዝታችኋል።

ነባር ይዞታ፣ ማለትም በሊዝ (ለመንግሥት እየተከፈለ በውል ለተወሰነ ዘመን) ሳይሆን ከዚያ በፊት የተያዘ ቦታ፣ ከሆነም ሌላ ጥያቄ አለ። የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ ተቀባዩ ወደ ሊዝ እንዲገባ ደንግጓል። ውል ከመፈረማችሁ በፊት ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ ይዞታው ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ስም ሲዛወር ምን እንደሚያስከፍል፣ ቤቱ ላይ ዕዳና እገዳ መኖሩን በቀጥታ ጠይቁ። ደላላው ነገረኝ አይበቃም።

ዋጋና ውል

ባለሙያ ይዛችሁ ሂዱ። ቢያንስ ቱንቢና ውሃ ልክ ይዞ የሚመጣ የታመነ ግንበኛ፤ ከተቻለ ኢንጂነር። ለአንድ ጠዋት የምትከፍሉት ገንዘብ ከቤቱ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ግን ባለሙያውን ደላላው እንዳያመጣላችሁ።

ባለሙያው ቅጥያውን አይቶ ምን እንደሚያስፈልግ በገንዘብ ይንገራችሁ። ለምሳሌ ዋናው ቤት ብቻውን 3 ሚሊዮን ብር ያወጣል እንበል። ሻጩ ሰርቪሱን ጨምሮ 4 ሚሊዮን ይጠይቃል። ሰርቪሱ መፍረስ ካለበትና ማፍረሱ፣ ፍርስራሹን ማውጣቱ፣ የዋናውን ቤት ግድግዳና ጣሪያ መመለሱ 300 ሺህ የሚፈጅ ከሆነ የቤቱ ዋጋ 2.7 ሚሊዮን ነው። አራት ሚሊዮንና ሁለት ነጥብ ሰባት ሚሊዮን! ልዩነቱ የአንድ ቤተሰብ ዕድሜ ልክ ቁጠባ ነው። ሻጩ «ኪራዩ ይመልሰዋል» ይላል። የሚሰነጠቅ ክፍል ኪራይ ጥገናውን አይከፍልም።

ቀብድ ላይ አትቸኩሉ። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል። ስንጥቁን ቀብድ ከሰጣችሁ በኋላ ካያችሁት እጃችሁ ታስሯል። መጀመሪያ መርምሩ፣ ከዚያ ቀብድ ስጡ። መስጠት ግድ ከሆነም «ባለሙያ መርምሮ የመሠረት ጉድለት ካገኘ ቀብዱ ይመለሳል» የሚል ቃል በጽሑፍ ይግባ።

የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ካልሆነ በሕግ ፊት አይቆምም፤ በሚመለከተው አካል ፊት ቀርቦ መረጋገጥም አለበት። የሽማግሌ ፊርማ ያለበት ወረቀት ብቻውን አትመኑ። ቤቱ የባልና የሚስት የጋራ ከሆነ ሁለቱም ይፈርሙ። ውሉ ውስጥ ክፍሎቹ በሙሉ አንድ በአንድ ይዘርዘሩ፤ የትኛው ፈቃድ እንዳለው፣ የትኛው እንደሌለው ይጻፍ። ሻጩ የሚያውቀው ጉድለት ካለ እሱም ይጻፍ። ይህ ሻጩንም ይጠቅመዋል። ሕጉ ለተደበቀ ጉድለት ሻጭን ተጠያቂ ያደርጋል፤ አይቶ እያወቀ የገዛ ግን ብዙም የሚከራከርበት የለውም። ገዢ ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ ማሳወቅ አለበት፤ ስለዚህ ከገባችሁ በኋላ ያገኛችሁትን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ፣ ከፎቶና ከቀን ጋር አሳውቁ።

ቅጥያውን የሠራው ኮንትራክተር በውል የሠራ ከሆነም አንድ የማይታወቅ መብት አለ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3039 የቤት ሥራ ተቋራጭ ለሥራው ጥንካሬ ከርክክብ ጀምሮ 10 ዓመት ዋስ እንዲሆን ያዛል። ሻጩን የግንባታ ውሉን ጠይቁት፤ ካለው ዋናውን ወይም ኮፒውን ተቀበሉ። አብዛኛው ሰርቪስ ግን በቀን ሥራ ስለሚሠራ ይህ ውል አይገኝም።

ገዝታችሁ ከሆነ

ይህን ያነበባችሁት ከገዛችሁ በኋላ ከሆነ መጀመሪያ ስንጥቅ ልድፈን አትበሉ። ውሃውን አስተካክሉ። አሸንዳ አስገቡ፤ ጫፉ ከግድግዳው ርቆ ወደ ቦይ ይውረድ። ግድግዳው ዙሪያ መሬቱ ወደ ውጭ ዘቅዘቅ ይበል። ከዚያ ስንጥቁ ጫፍ ላይ በእርሳስ መስመር አድርጋችሁ ቀኑን ጻፉ፤ በላዩም ትንሽ ጄሶ ለጥፉበት። አንድ ክረምትና አንድ በጋ ይለፍበት። ጄሶው ካልተሰበረና ስንጥቁ ከመስመሩ ካላለፈ መንቀሳቀሱን አቁሟል፤ ያኔ ይደፈናል። ከተሰበረ መሠረቱ የሚታይበት ጊዜ ነው፤ ኢንጂነር ጥሩ። ሁለቱን ቤቶች የሚያያይዘውን ጥግ ቆርጦ መለየት አዲሱን ክፍል ከማፍረስ የሚቀልበት ጊዜ ብዙ ነው።

ፈቃድ የሌለውን ክፍል በተመለከተ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ራሳችሁ ሂዱ። ምን ሊስተካከል እንደሚችል፣ ምን እንደማይችል ጠይቁና መልሱን በጽሑፍ ያዙ። ደብዳቤ እስኪመጣ መጠበቅ አይጠቅማችሁም።

ወለሉ ባዶ ድምፅ የሚሰጥ፣ ወይም መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ ሰው እያደረ ከሆነ ግን ይህ ክረምትና በጋ የሚጠብቅ ጉዳይ አይደለም። ተከራዩን ዛሬውኑ ወደ ሌላ ክፍል አዛውሩት፤ ሌላ ክፍል ከሌለ ኪራዩን መልሱለትና ቤት አፈላልጉለት።